ለእማዬ፦ «የትኛው መርፌ ይሻለኛል?» ላልሽኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የክብደት መቀነሻ መርፌውን ነገር በስልክ ስትጠይቂኝ በሁለት ቃል የምመልሰው ስላልሆነ ቁጭ ብዬ መጻፍ መረጥሁ። ሐኪምሽ ዘንድ ስትሄጂ ይህን ወረቀት ይዘሽው ሂጂ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለአንቺ የምመርጠው ሴማግሉታይድን ነው፤ ሰው ኦዜምፒክ እያለ የሚጠራውን። ሞንጃሮ የተባለው ሌላው መርፌ ክብደት በማውረድ እንደሚበልጠው አውቃለሁ። ያንቺ ነገር ግን የኪሎ ብቻ አይደለም። ስኳር አለብሽ፣ ግፊት አለብሽ፣ ባለፈው ምርመራ ደግሞ ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን ታይቷል። ሽንት ላይ ፕሮቲን ማለት ብዙውን ጊዜ ስኳሩ ኩላሊትን መንካት ጀምሯል ማለት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከሆድሽ ይልቅ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳርም የኩላሊት ሕመምም ያለባቸው ሰዎች በሳምንት 1 ሚሊግራም ሴማግሉታይድ ሲወስዱ፣ የኩላሊት መድከምና በኩላሊት ወይም በልብ ምክንያት መሞት አንድ ላይ ተቆጥረው በ24 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። 1 ሚሊግራም ከፍተኛው መጠን እንኳ አይደለም። እዚያ ላይ ብትቆሚ ለኩላሊትሽ ይበቃል።

የኪሎውን ወሬ በተመለከተ፣ «ከክብደት አምስተኛውን ያወርዳል» የሚባለው የመጣው ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ጥናት ነው። እነሱ ላይ ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንት 15 በመቶ ገደማ፣ ሞንጃሮ (የመድኃኒቱ ስም ቲርዜፓታይድ ነው) በ72 ሳምንት እስከ 21 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስኳር ያለበት ሰው በሁለቱም ያነሰ ነው የሚቀንሰው፤ በከፍተኛ መጠናቸው 9.6 እና 14.7 በመቶ። አንቺ 92 ኪሎ ነሽ፤ ስለዚህ አንደኛው ወደ 9፣ ሌላው ወደ 13 ኪሎ ተኩል ቢያወርድልሽ ነው። ያውም ከዓመት በላይ ቆይተሽበት፣ በሙሉ መጠን። በሦስት ወር 20 ኪሎ ቀነስኩ የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ በአንቺ ዕድሜ እንደዚያ የሚወርድ ክብደት ጡንቻን ይዞ ነው የሚሄድ። ሳክሴንዳ የተባለው ሦስተኛው በየቀኑ የሚወጋ ነው፤ ክብደት የሚያወርደውም ያነሰ ስለሆነ ለአንቺ አላስበውም። ዌጎቪ ብለው ቢሰጡሽ ደግሞ ያው ሴማግሉታይድ ነው፤ ከኦዜምፒክ የሚለየው በስሙና በመጠኑ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን መርፌውን ከመጀመርሽ በፊት የግድ መደረግ ያለበትን ልጻፍልሽ። አንደኛው ዓይንሽ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በመርፌው በአንድ ጊዜ ሲወርድ፣ ስኳሩ አስቀድሞ የጎዳው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ሊብስበት ይችላል፤ ሴማግሉታይድ ላይ ይህ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሄደሽ ብሌንሽን በጠብታ አስፍተው የውስጡን ይዩልሽ። መነጽር መለካት ብቻውን አይበቃም፤ «የስኳር የዓይን ምርመራ» ብለሽ ጠይቂ። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ብቻሽን አትሂጂ። ጎን ለጎን የሦስት ወሩን ስኳርና የኩላሊቱን የክሬቲኒን ምርመራ አሠሪ። ቆሽትሽ ታሞ ያውቅ እንደሆነ፣ የሐሞት ጠጠር እንዳለብሽ፣ በዘር የታይሮይድ ካንሰር እንደነበረ ሐኪሙ ይጠይቅሻል። በእኛ በኩል እንቅርት ያለበት ዘመድ ብዙ ነው፤ ተራ እንቅርት መርፌውን አያስከለክልም። የሚያስከለክለው ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ነው። ቢሆንም የእህትሽን የአንገት ቀዶ ሕክምና ሳትደብቂ ንገሪው፤ የወጣላት ምን እንደነበር ወረቀቱ ካለ ያየዋል።

ሁለተኛውን ከሁሉ አጥብቄ ነው የምልሽ። ጠዋት የምትውጫት ግሊቤንክላማይድ ስኳርሽ ዝቅ ቢልም ባይልም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለች የምታስገድድ ናት። መርፌው የምግብ ፍላጎትሽን ሲቀንሰው እሷ ግን ሥራዋን አትቀንስም፤ ያኔ ስኳርሽ ድንገት ይወድቃል። ሐኪሙ መጠኗን መቀነስ ወይም ማስቆም አለበት፤ ይህን ሳይወስን የመጀመሪያውን መርፌ አትውጊ። ሌላዋ የስኳር ኪኒንሽ ሜትፎርሚን ግን ከመርፌው ጋር ትሄዳለች። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከተሰማሽ በመለኪያሽ እዪው፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። መለኪያው አጠገብሽ ከሌለ ሳትለኪም ጠጪው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 0.25 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአራት ሳምንት። ይህ መጠን ሆድሽን ለማለማመድ እንጂ ለማከም አይደለም፤ «ምንም አልተሰማኝም» ብለሽ እንዳታበዢው። ከዚያ 0.5፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት። ከዚያ ሐኪሙ ካየ 1። ማቅለሽለሹ ካልለቀቀሽ 0.5 ላይ ተጨማሪ ወር መቆየት ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያስታውከውና መድኃኒቱን የሚጠላው እየቸኮለ መጠኑን ስለሚጨምር ነው። ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከተወጋሽ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ስለሆነ ሰኞ ማታን ምረጪ፤ ሰንበትና የበዓል ማዕድ ላይ አይደርስብሽም።

ፔኑን (መድኃኒቱ ያለበትን እስክሪብቶ መሳይ መወጊያ) ስትይዢ መጀመሪያ ፈሳሹን በብርሃን እዪው፤ እንደ ውኃ የጠራ ካልሆነ አትጠቀሚበት። በየጊዜው አዲስ መርፌ በቀጥታ አስገብተሽ ጠምዝዢና ሁለቱንም ሽፋኖች አውልቂ። ፔኑ አዲስ ከሆነ የመፈተሻ ምልክቱ እስኪመጣ መዘውሩን አዙረሽ፣ መርፌውን ወደ ላይ አድርገሽ ተጫኚው፤ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ቁልጭ ብላ መታየት አለባት። ካልታየች ድገሚው፤ ጠብታ ሳይታይ የተወጋ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ከዚያ መጠንሽን አምጪ፣ ከእምብርትሽ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርገሽ ሆድሽ ላይ ወይም ጭንሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ውጊ። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ እጅሽን አታንሺ፤ ቀስ ብለሽ እስከ ስድስት ቁጠሪ። ቶሎ ከነቀልሽው መድኃኒቱ ቆዳሽ ላይ ሲንጠባጠብ ታዪዋለሽ፤ ያ ያልገባልሽ መጠን ነው። እሱን ለማካካስ ግን ሁለተኛ አትውጊ። በየሳምንቱ ቦታውን ቀያይሪ። መርፌውን ፔኑ ላይ ተክለሽ አታስቀምጪ፤ አየር ይገባዋል፣ ፈሳሹም ይወጣል። ያገለገለውን ወፍራም የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጣዪው፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች እጅ ላይ እንዳይወጋ። መርፌው ቢቀየርም ፔን ለሌላ ሰው አይዋስም፤ ደም ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል።

የፍሪጁ ነገር ሌላው ኦዜምፒክን የመረጥሁበት ምክንያት ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከተጀመረ በኋላ ግን ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ ከፍሪጅ ውጭም 56 ቀን ይቆያል። የሞንጃሮ ባለ አንድ መጠን ፔን ከፍሪጅ ከወጣ 21 ቀን ብቻ ነው። ጎንደር ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ቀን ሙቀቱ ወደ 30 ስለሚጠጋ መስኮት ላይና ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ፤ ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከሙቀቱ የባሰው በረዶ ነው፤ ፍሪዘሩን የሚነካ ቦታ ላይ አታድርጊው። አንድ ጊዜ የረጋ ፔን ቀልጦ ጥሩ ቢመስልም ተበላሽቷል፣ ይጣላል። መተማ ወይም ሁመራ ስትወርጂ በረዶ መያዣ ሳጥን ውስጥ፣ በረዶውን በፎጣ ጠቅልለሽ፣ ፔኑን ሳይነካው።

የጎረቤታችን ልጅ ከውጭ አመጣሁልሽ ያለችውን ፔን አመስግነሽ መልሺላት። በክፋት አይደለም የምለው፤ ሻንጣ ውስጥ ሞቆ ይሁን አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ረግቶ ይሁን እሷም አታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ አስጠንቅቋል፤ ኢንሱሊን ሆኖ የተገኘም አለ፤ ያ ደግሞ ለአንቺ ሞት ነው። በብልቃጥ በዱቄት መልክ በቴሌግራም የሚሸጠውንም እንዲሁ። በሐኪም ማዘዣ፣ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ ከፍሪጅ ሲወጣ እያየሽ፣ ከነደረሰኙ። የካርቶኑ የምርት ቁጥር ከፔኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ።

ጾሙን አስቤበታለሁ። ሁዳዴ ላይ አትጀምሪ፣ መጠንም አትጨምሪ። እስከ 9 ሰዓት ሳትበዪና ሳትጠጪ ቆይተሽ ማቅለሽለሽ ሲጨመርበት ውኃሽ ያልቃል፤ የታመመው ኩላሊትሽ ድርቀትን አይችልም። ካስታወከሽና ውኃ አልይዝ ካለሽ በዚያ ቀን ለሐኪምሽ ደውለሽ ሜትፎርሚኑንና የግፊቱን ኤናላፕሪል ላቁም ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ሰውነት ሲደርቅ ሁለቱም ጉዳት አላቸው። የንስሐ አባትሽንም አነጋግሪ፤ የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም።

ስትበዪ ትንሽ በትንሹ፣ ሆድሽ «በቃኝ» ሲል ወዲያው አቁሚ። በተወጋሽ ማግሥት ቅቤ የበዛበት ወጥና ጥብስ አይስማማሽም፤ ሆዱ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ቅባቱ እዚያው ተቀምጦ ያቅለሸልሻል። ስትቀንሺ ጡንቻሽ እንዳይሄድ ግን ፕሮቲን ያስፈልግሻል፣ በቀን 70 ግራም ገደማ፤ ይህንንም ሐኪሙ ከኩላሊትሽ ጋር አይቶ ይወስንልሽ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፣ አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ኩባያ ወተት 8። ከእንጀራው በፊት ምስሩን ወይም ሽሮውን ብዪ፤ ቶሎ ስለምትጠግቢ መጀመሪያ የገባው ነው የሚቀርልሽ። የሆድ ድርቀት ስለሚመጣ ውኃ በየሰዓቱ ጎንጨት በዪ። ጉልበትሽን ሳትጎጂ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ጠረጴዛ ይዘሽ አሥር ጊዜ ተነሺ ተቀመጪ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

መርፌው ከተረሳሽ፣ አምስት ቀን ካላለፈው ባስታወስሽበት ቀን ውጊ፤ ካለፈ እሱን ትተሽ በሰኞሽ ቀጥዪ። ሁለት ሦስት ሳምንት ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን ራስሽ አትመለሺ፣ ሐኪሙን ጠይቂ። የላይኛው ሆድሽ በኃይል አሞሽ ወደ ጀርባሽ ከሄደ ቆሽት ሊሆን ይችላል፤ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ሕመም ከትኩሳት ወይም ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር ከመጣ ሐሞት ሊሆን ይችላል። ዓይንሽ ድንገት ከደበዘዘ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ውኃ አልይዝ ካለሽ እንደዚሁ። በነዚህ ላይ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ መርፌውን አቁመሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አንድ የቀረኝ የገንዘቡ ነገር ነው። መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ስለዚህ ሁለት ወር ወስዶ ማቋረጥ ገንዘብም ጤናም ማባከን ነው። እኔና ወንድሜ የዓመቱን አስልተን እንይዛለን፤ ፋርማሲው በየወሩ ሳያቋርጥ እንደሚያመጣ ግን ጠይቂልን። ፋርማሲው ሞንጃሮን ብቻ በቋሚነት አገኛለሁ ካለና ሐኪምሽ ከተስማማ ሞንጃሮን እንይዛለን፤ እሱም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ መጠኑ ብቻ በ2.5 ሚሊግራም ይጀምራል።

የዓይን ቀጠሮሽ ሲቆረጥ ቀኑን ንገሪኝ። የምትውጫቸውን ኪኒኖች ሁሉ ካርቶናቸውን አሰልፈሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ግሊቤንክላማይዷ ባለ ስንት ሚሊግራም እንደሆነች ማየት እፈልጋለሁ።

እግርሽን ስሜ፣
ልጅሽ