የአዲስ አበባው የአየር ንብረት ጉባኤ ትኬት አያስፈልገውም፤ ጋዜጠኛ ግን ያስፈልገዋል

ለአዘጋጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴ ነኝ። በኅዳር 2018 ብራዚል ቤሌም ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2027ቱ ጉባኤ አዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ። በእኛ አቆጣጠር በ2020 መሆኑ ነው። ዜናው ደስ ይላል። በየጋዜጣው ያነበብኩት ግን ስለ ሆቴልና ስለ አገር ገጽታ ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚባለውን ማን ሊነግረን እንደሆነ የጠየቀ አላየሁም።

ሽንኩርት ነጋዴ ምን አገባት እንዳትሉኝ። ዕቃ የማነሳው ከቆቃ፣ ከመቂና ከወንጂ አካባቢ ነው። ገበሬው ከአዋሽና ከቆቃ ሐይቅ በሞተር ስቦ ያጠጣል። ሽንኩርቱ ሊነቀል ሲል ያለ ወቅቱ ዝናብ ከወረደበት አለቀለት፤ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ ቆቃ ይሞላል። ግድቡ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ደለል ብዙ ቦታውን ወስዶበታል። በእኛ 2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ ስንቱን ሰው እንዳፈናቀለ ታስታውሳላችሁ። ይህን ሁሉ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው አልልም። ደለሉ የራሳችን ሥራ ነው፣ ተራራውን ያራቆትነው እኛው ነን። የቱ ከሰማይ፣ የቱ ከእኛ እንደመጣ ለይቶ የሚጽፍልኝ ጋዜጠኛ ነው ያጣሁት።

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ ልጅ አለ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። እትዬ እያለ ነው የሚጠራኝ። ማታ ቡና ሲፈላ ይመጣና እናወራለን። ስለ እነዚህ ጉባኤዎች የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከታዳጊ አገሮች ጋዜጠኞችን መርጦ ወደ ጉባኤው የሚወስድ ፕሮግራም መኖሩንም የነገረኝ እሱ ነው። ኢንተርኒውስ፣ ፓኖስና አይአይኢዲ የተባሉ ድርጅቶች በፈረንጆቹ ለ2007ቱ የባሊ ጉባኤ የጀመሩት ነው። ፕሮግራሙ ትኬቱንና ማረፊያውን ይችላል፤ እዚያ ሲደርሱም ነገሩን የሚያስረዳቸው ሰው አለ። ልጁ አንድ ጊዜ ሊያመለክት ተነሳ። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይፈለግ ነበር። አለቃው «አንተ ስትሄድ ቦታህን ማን ሊሸፍን ነው?» ብሎ አንጠለጠለው። ቀኑ አለፈ። አሁን የትራፊክ አደጋና የገበያ ዋጋ ይዘግባል። አንዳንዴም የሽንኩርት ዋጋ እኔኑ ይጠይቀኛል።

እሱ እንደሚለው የመሪዎቹ ንግግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃል፤ ካሜራውም አብሮ ይሄዳል። ዋናው ሥራ ያለው በትንንሽ ክፍሎች ነው። ብዙዎቹ ለጋዜጠኛ ዝግ ናቸው። ውስጥ የተባለውን የሚያገኘው ተደራዳሪዎቹን በስም የሚያውቅ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህ ትውውቅ ደግሞ በአንድ ጉባኤ አይገኝም። ጀርመን ቦን ላይ በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ የሚደረግ የድርድር ስብሰባ አለ። ሊጡ የሚቦካው እዚያ ነው። ከእኛ አገር ቦን ድረስ የሚላክ ጋዜጠኛ ስለመኖሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለምሳሌ በፈረንጆቹ 2024 አዘርባጃን ባኩ ላይ በተደረገው ጉባኤ የሆነውን ውሰዱ። ታዳጊዎቹ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ጠየቁ። ያደጉት አገሮች የተስማሙት እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ለማድረስ ነው። ውሳኔው የጸደቀው ጉባኤው ከተያዘለት ቀን አልፎ፣ እሑድ ሊነጋ ሲል ነው። መዶሻው እንደተመታ የህንድ ተደራዳሪ ተነሥታ ተቃወመች። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ጋዜጠኞች ስንቱ በአማርኛ የሚጽፍ ነበር?

ቤሌም ላይ ደግሞ ከለውጡ ጋር ለመላመድ የሚሰጠው ገንዘብ በሦስት እጥፍ እንዲያድግ ጥሪ ቀረበ። ይህን በዜና ሰምተን ደስ አለን። ግን እኮ ድሆቹ አገሮች ይሁን ያሉት በፈረንጆቹ እስከ 2030 ነበር፤ ሰነዱ ላይ የወጣው 2035 ነው። በመሀል አምስት ክረምት አለ። የአዋሽ ዳር መከላከያ ሳይጠናከር ሊያልፍ የሚችል አምስት ክረምት ማለት ነው። ቀኑ እንዴት ተገፋ? ማን ገፋው? የእኛ ልዑክስ ምን አለ? ይህን በአማርኛ የጻፈ ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አጥተን አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 በኮፐንሃገኑ ጉባኤ ላይ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ። በፈረንጆቹ 2017 እና 2018 በድርድሩ ያላደጉ አገሮችን ቡድን በሊቀመንበርነት የመራችው ኢትዮጵያ ናት። ከእነዚያ ልዑካን ጋር የሠሩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ እዚሁ አገር ውስጥ ናቸው። አውሮፕላን አያስፈልግም፤ ሻይ ጋብዞ ማስወራት ነው።

እስካሁን «ገንዘብ የለንም፣ ሩቅ ነው» ይባል ነበር፤ እውነትም ነው። በ2020 ግን ጉባኤው ከአዳማ በፈጣን መንገዱ የሚደረስበት ቦታ ይሆናል። ትኬቱ ቀረልን። ልምዱ ግን በሳምንት አይገዛም። ከወዲሁ ካልተዘጋጀን ስለ ጓዳችን የሚጽፍልን የለንደንና የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነው፤ እኛ ደግሞ የመክፈቻውን ንግግር እናትማለን።

መዘጋጀት ስል ስልጠና ማለቴ አይደለም። ስልጠናን አዳማ ታውቀዋለች። እኔ ራሴ ለሆቴሎች ወጥ ቤት ሽንኩርት ስለማስገባ አያለሁ። ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳ ይናገራል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ አበል ይፈረማል። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከሆቴሉ በመኪና ትንሽ ሄድ ቢሉ ጎርፍ የበላው ማሳ አለ። ወደዚያ ዞር ያለ ሠልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም። (ሽንኩርቴን ስለሚገዙ ስብሰባው ይቅር አልልም።)

ማን ይከፍላል የሚለውም መታሰብ አለበት። ከልዑኩ ጋር በልዑኩ ገንዘብ የሄደ ጋዜጠኛ ልዑኩን አመስግኖ ይመለሳል። ምን ያድርግ፣ ይሉኝታም አለ። የውጭ ድርጅት ከከፈለም ዘገባው ሥር ይጻፍልን፤ አንባቢው ራሱ ይመዝነው።

እናንተን የምለምነው ይህን ነው። አንድ ሰው አሁኑኑ መርጣችሁ ይህን ጉዳይ ብቻ ስጡት። ሰኔ ላይ ቦን ይሂድ፤ ኅዳር 2019 ቱርክ አንታልያ ላይ የሚደረገውንም ጉባኤ ይከታተል። ብቻችሁን ካልቻላችሁ ከሌሎች ጋዜጦች ጋር ወጪውን ተጋሩ፤ እሱ የላከውን ሁላችሁም አትሙ። ለምዝገባ የአዘጋጅ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ እባካችሁ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። ከክልል ጣቢያዎችም ጋዜጠኞች ይካተቱ። ከአዳማ፣ ከጂግጂጋ፣ ከሰመራ። ድርቁንና ጎርፉን በቅርብ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ስለ እንግዶቹም ትንሽ ልበል። ቤሌም ላይ የሆቴል ዋጋ ከመናሩ የተነሣ መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ ማደሪያ ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ መርከብ የላትም። ከማላዊ ወይም ከኔፓል በትንሽ ገንዘብ የሚመጣ ጋዜጠኛ የት ሊያድር ነው? የእኛ ከተማ የሆቴል ባለቤቶች ከወዲሁ እጃቸውን እያፋተጉ እንደሆነ እሰማለሁ። ለእነዚህ ጋዜጠኞች በልክ ዋጋ አልጋ እንዲያዝ ብትጽፉበት ጥሩ ነው። የእኔም ግቢ አንድ ሁለት ሰው ያስተናግዳል።

የምትመርጡትን ሰው ግን ከጉባኤው በፊት ላኩልኝ። ማክሰኞና ዓርብ አይሱዙው ወደ ቆቃ ይሄዳል። ከሾፌሩ ጎን ቦታ አለ፤ ገበሬዎቹንም አስተዋውቀዋለሁ። የሚነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለሆነ አዳማ ገብቶ ቢያድር ይሻለዋል።

አክባሪያችሁ
የሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከአዳማ