ብሩን የያዘው ልጅ፦ የሳይንስ ክበባችን ዓመት

ሌሎቹ ክበባት ዘገባቸውን በአባላት ብዛት ይጀምራሉ። እኔ በተበላሁት መቶ ብር ልጀምር።

ጥቅምት ላይ ነው። ለመጀመሪያው ስብሰባ 14 ልጆች መጡ፤ ግማሾቹ ሚኒ ሚዲያ ሞልቷል ተብለው የተመለሱ መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ፣ ምንም አይደል። ቀልባቸውን ለመሳብ መቶ ብር አወጣሁና በአንድ ጫፉ ይዤ ወደ ታች አንጠለጠልኩት። ተራው የደረሰው ልጅ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከብሩ መሃል ግራና ቀኝ ከፈት አድርጎ፣ ሳይነካው፣ ይጠብቃል። እኔ ሳልናገር እለቃለሁ። የያዘ ይወስዳል።

ልቤን የሞላው ሒሳቡ ነው። ከብሩ መሃል እስከ ጫፉ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚወድቅ ነገር ይህቺን ለመጨረስ 0.12 ሰከንድ ይበቃዋል። ዓይን አይቶ፣ አንጎል አዝዞ፣ ጣት እስኪገጥም ግን 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ብሩ ወደ ኪሴ ይመለሳል ማለት ነው። 11 ልጆች አየር ጨበጡ። አስራ ሁለተኛው፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ጥፍንግ አድርጎ ያዘው። "ድገም" አልኩ። ደገመው! እንዴት እንደቻለ ብጠይቀው "ቲቸር፣ ሊለቁ ሲሉ እኮ ከንፈርዎን ይነክሳሉ" አለኝ።

ብሩን ሰጠሁት፣ ምን አደርጋለሁ። የዓመቱን ሥራም ያገኘነው ግን ያኔ ነው። በእቅዴ ላይ የነበረውን የኮምጣጤ "እሳተ ገሞራ" ሰረዝኩና አንድ ጥያቄ ይዘን ቀረን፦ አንጎል አይቶ እስኪያዝ ይህን ያህል የሚዘገይ ከሆነ ኳስ እንዴት እንቀልባለን? ቅልብልቦሽስ እንዴት እንጫወታለን? መልሱ ልጁ ያደረገው ነው። አንጎል አይጠብቅም። ይገምታል፣ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሲሳሳት ያርማል።

ኅዳር የጀሪካን ወር ነበር። ከካፍቴሪያዋ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተበደርን፤ አንዱን ውኃ ሞላነው፣ ሌላውን ባዶውን ከደንነው። የሞላውን ሁለት ሦስቴ ያነሳ ልጅ፣ ሳንነግረው ባዶውን ስናቀርብለት ክንዱ ተስፈንጥሮ እስከ ደረቱ ይመጣል፣ ሌላው በሳቅ ይፈርሳል። አንጎል ጉልበቱን የሚመጥነው እቃው ከመሬት ሳይለቅ ነው፤ ግምቱ ፉርሽ መሆኑን የሚያውቀው ጀሪካኑ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያንኑ ባዶ ጀሪካን ወዲያው መልሶ ሲያነሳው ክንዱ ሰላም ነው። አንድ ስህተት በቃው። (ፈተና ላይም እንዲህ ብትሆኑልኝ!)

ይህቺን ደግሞ ቤት ሞክሯት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁ ላይ ከባድ መጽሐፍ አስቀምጡ። ጓደኛችሁ ድንገት ሲያነሳው እጃችሁ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ራሳችሁ በሌላኛው እጃችሁ ስታነሱት ግን ንቅንቅ አይልም፣ ዓይናችሁን ብትጨፍኑም። ማንሳቱን ያዘዘው ያው የናንተ አንጎል ስለሆነ፣ ክብደቱ መቼ እንደሚለቅ ቀድሞ ያውቃል፤ የተሸካሚውን ክንድ ጡንቻም በዚያችው ቅጽበት ያላላዋል።

በዚህ የሰዓት አያያዝ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሴሬቤለም ነው፤ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከትልቁ አንጎል ሥር የተሸጎጠው። መጠኑ ከመላው አንጎል አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎቻችን 69 ቢሊዮን ያህሉ ያሉት እዚያ ነው። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው "ቲቸር፣ ገልብጠውታል" ተብያለሁ። አልገለበጥኩም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህ ክፍላቸው በጥይት የተመታባቸውን ወታደሮች ያጠና ጎርደን ሆምስ የሚባል ሐኪም ነበር። ሰዎቹ ሽባ አልሆኑም። በተጎዳው ወገን ያለው እጃቸው ግን ዘግይቶ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ያቆማል።

የካቲት ላይ ስልክ ላይ ሜትሮኖም (በእኩል ልዩነት ቋ ቋ የሚል ምት ሰጪ) ከፍተን ልጆቹ ከምቱ ጋር እኩል ጠረጴዛ በጣታቸው እንዲመቱ አደረግን። ሚኒ ሚዲያዎች ቀዱልን። ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ዘርግተን ስናየው ሁሉም ማለት ይቻላል ከምቱ ቀድመዋል፣ በጥቂት መቶኛ ሰከንዶች፤ እኩል ነው የመታነው ብለው ግን ይምላሉ። ለምቱ በጣም የቀረበችው ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምትመታዋ ልጅ ነች። ሳንነግራቸው ሜትሮኖሙን በትንሹ ስናፈጥነው ደግሞ ጣታቸው ተከተለው፣ እነሱ ግን ለውጡን አላወቁም።

ግንቦት፣ የወላጆች ቀን። ውጤታችንን እንድታቀርብ የመረጥናት የአስረኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ ንግግሯ እንደ ውኃ የሚፈስ ናት። ሜዳው ላይ ማይክ ይዛ "የተከበራችሁ ወላጆች" ስትል ግን ተያዘች። ቃል ትጎትታለች፣ ትደግማለች፣ ታቆማለች። ፈርታ ነው ብዬ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩላት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ስትወርድ "ድምፄ ዘግይቶ እየመጣብኝ ነው" አለች።

ሰኞ ያ የኋላ ወንበር ልጅ ከመድረኩ እስከ ፊት ለፊቱ የብሎኬት አጥር በእርምጃ ለካ። 46 እርምጃ፣ በሜትር 34 ገደማ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አጥሩ ጋ ደርሶ ሲመለስ 0.2 ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። የገዛ ድምፁን ይህን ያህል ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል። አንጎል ድምፁን በጠበቀው ሰዓት ሲያጣው የተሳሳተ መስሎት ያልተበላሸውን ሊጠግን ይነሳል። እኛ ዓመቱን ሙሉ ያጠናነው ነገር መድረክ ላይ መጥቶ ሲያዋርደን አላወቅነውም።

ሰኔ ላይ በዚያው ማይክ፣ በዚያው ቦታ፣ ጆሮዋን በጥጥ ጠቅጥቃ ደግማ አቀረበችው። አድማጮቿ እኛና የጥበቃው ጋሼ ብቻ ነበርን። አንድም ቃል አልተደናቀፈባትም። ጋሼ "ጥጡ ግን ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ፣ ማስረዳቱ ከዝግጅቱ ረዘመ።

በሚቀጥለው ዓመት ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ እንገናኛለን። መቶ ብር አላመጣም። የካፍቴሪያዋ ጀሪካኖችም እኔ ጋ ናቸው፤ እመልሳለሁ ብያለሁ፣ እመልሳለሁ።