መኪናዬ ላይ ምን እንደተለወጠ በአማርኛ ይነገረኝ፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። መኪናዬን እወደዋለሁ፤ የነዳጅ ሰልፍ ከረሳሁ ቆይቻለሁ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ደግሞ እግሬን ከመርገጫው ባነሳሁ ቁጥር ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ባትሪውም ይሞላል፤ ታች ስደርስ ከላይ ከነበረኝ የበለጠ ቻርጅ ይኖረኛል። ፍሬን ብዙም አልነካም ነበር።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ "አፕዴት ልጫንልህ፣ ቋንቋውም ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርልሃል" አለኝ። ደስ አለኝ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ስልኬን ደቅኜ በትርጉም አፕ ማንበብ ሰልችቶኝ ነበር። ልጁ ፍላሽ ሰክቶ ጫነና ከአንድ ሰዓት በኋላ አስረከበኝ። ምን እንደተለወጠ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ያን ያህል ቁልቁለት ስለሌለው ምንም አልታወቀኝም።

በሳምንቱ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ወጣሁ። ጣርማ በር ያው እንደ ልማዱ በጉም ተሸፍኗል። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር እግሬን አነሳሁ። መኪናው አልያዘም። ጭራሽ እየፈጠነ ሄደ፣ ከጉሙ ውስጥም የአንድ ሲኖ የኋላ መብራት ድንገት ፊቴ ላይ ወጣ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። ተረፍን። እናቴ እስከ ደብረ ሲና ድረስ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

ደብረ ሲና ቆሜ ሜኑውን ፈተሽኩ። የሞተሩ የመያዝ ኃይል እኔ "ጠንካራ" ላይ አድርጌው የነበረው "ደካማ" ላይ ተቀምጧል። አፕዴቱ የእኔን ምርጫ አጥፍቶ የፋብሪካውን መልሷል፣ በቃ። መኪናው አልተበላሸም። አንድ መስመር ጽሑፍ ቢኖር፣ "ከዚህ በኋላ እግርህን ስታነሳ እንደ ድሮው አይይዝም" የሚል፣ ያ ቀን አይፈጠርም ነበር።

ያው አፕዴት መስመር ጠባቂውንም፣ ማለትም መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ መሪውን ራሱ የሚያዞረውን ሲስተም፣ ከፍቶታል። ባጠፋው እንኳ መኪናውን ባስነሳሁ ቁጥር ተመልሶ ይበራል። ይህ ነገር የሚሠራው ከፊት መስታወቱ ጀርባ ባለች ካሜራ የመንገዱን ቀለም እያየ ነው። የእኛ መንገድ ቀለም ደግሞ ያውቁታል፤ አንዱ ቦታ አለ፣ ሌላው ቦታ ጠፍቷል፣ ሌላው ቦታ ላይ የአስፋልት ጥገናው ስፌት መስመር ይመስላል። ጫጫ አካባቢ ጭድ የጫነች አህያ ለማሳለፍ ወደ ግራ ስወጣ መሪው ወደ አህያዋ መለሰኝ። ታግዬ ነው ያወጣሁት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ከፊት ያለውን መኪና የሚያየውን ራዳር ይሸፍነዋል፤ ያኔ ራሱ የሚይዘው ፍሬን አይሠራም፣ ማስጠንቀቂያውም ይበራል። ማስጠንቀቂያውን ማንበብ የሚችል ግን ስንቱ ነው? የጎረቤቴ መኪና ጭራሽ አፕዴት አግኝቶ አያውቅም፤ አካውንት ለመክፈት የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቀዋል። ሌላ ደግሞ አለ፣ "ራሱ ይነዳል" ብለው ሸጠውለት እጁን ከመሪ እያነሳ የሚሄድ። እነዚህ ሲስተሞች ሾፌሩን ከማገዝ አያልፉም፤ ዓይንም እጅም መንገዱ ላይ መሆን አለበት። ሲሸጥለት ይህን የነገረው የለም።

ክቡር ሚኒስትር፣ የምጠይቀው ሌላው ዓለም የጀመረውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 156 እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ አምራቹ አፕዴት ሲልክ ለምን እንደላከውና ምን እንደለወጠ ለባለቤቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። ቻይናም የራሷን አስገዳጅ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ለአዳዲስ ሞዴሎች ሥራ ላይ አውላለች። አሜሪካ ውስጥ ቴስላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከሁለት ሚሊዮን በላይ መኪናዎችን በዚሁ የሾፌር ማገዣ ጉዳይ በይፋ ጠርቶ ያስተካከለው በሶፍትዌር ነው። እዚያ ሶፍትዌር እንደ ፍሬን ሸራ የመኪናው አካል ሆኖ ይቆጠራል።

እኛ አገር ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ቆሟል። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሁሉ ኮምፒውተር ነው የሚገዛው። መኪና የሚያስመጣ ሰው ሜኑውንና ማስጠንቀቂያዎቹን በአማርኛ፣ ካልሆነም ቢያንስ በእንግሊዝኛ ሳያደርግ፣ አፕዴት የሚመጣበትንም መንገድ ሳያሳይ አይሽጥ። ጋራዥም ሶፍትዌር ሲጭን የተለወጠውን በወረቀት ጽፎ ፈርሞ ይስጥ፤ ዘይት ሲቀይር እንኳ ኪሎ ሜትሩን ጽፎ ይሰጠን የለ! ለቦሎ ስንሄድም ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ካሜራውና ራዳሩ ይታይ።

መመሪያ የሚያወጡ ባለሙያዎችዎ መንገዱን ማየት ከፈለጉ ደብረ ብርሃን ድረስ ይምጡ። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ እንነሳና ጣርማ በርን በእኔው መኪና አብረን እንወርዳለን። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን እያንዳንዱን ጽሑፍ እነሱ ያንብቡልኝ፣ እኔ እነዳለሁ።

አክባሪዎ
ከደብረ ብርሃን