የስትራውስ ቤተሰብ ታሪክ ታይታኒክ ላይ አያበቃም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ሰሞኑን ስለ ሰጠመው መርከብ ስለ ታይታኒክ ባስነበባችሁን ጽሑፍ የአቶ ኢዚዶር ስትራውስንና የባለቤታቸውን የወይዘሮ አይዳን አሟሟት አንጀት በሚበላ አኳኋን ተርካችሁልናል። ወይዘሮዋ የፀጉር ካፖርታቸውን ለሠራተኛቸው ሰጥተው፣ እርሷን ጀልባ ላይ አሳፍረው፣ ራሳቸው ከባላቸው ጎን መቅረታቸው ሲወሳ የሚኖር ነው። ቅር ያሰኘኝ ታሪኩን እዚያው ባሕር ውስጥ ትታችሁት መሄዳችሁ ነው። የኢዚዶር ወንድም ናታን የት ገቡ?

እኔ የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ናታንያ ከተማ ነው። ከተማችን በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስትቆረቆር በእኚህ ሰው ስም ተሰየመች። ከኢትዮጵያ የመጣን ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻችንን ያሳደግነው እዚህ ቢሆንም ልጆቻችን ሰውየውን አያውቋቸውም።

አባታቸው ላዛረስ ከጀርመን ተሰደው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ሸቀጥ እያዞሩ ይሸጡ ነበር። በ1854 ሚስትና ልጆቻቸውን አስመጡ። ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላም፣ ብዙ የደቡብ ነጋዴ እጁን ሲያጣጥፍ፣ ለሰሜን ነጋዴዎች የነበረባቸውን ዕዳ ከፈሉ። ባሪያ አሳዳሪ እንደነበሩም ይታወቅ፤ ሙገሳው ይህን እንዲሸፍን አልሻም።

ናታን ከኢዚዶር ጋር በኒው ዮርክ የታወቀው የሜሲ መደብር ባለቤት ሆኑ። በዚያ ዘመን ድሃ እናቶች የሚገዙት ወተት በበጋ ሙቀት የተበላሸ፣ ሳንባ ነቀርሳና ታይፎይድ የሚያስተላልፍ ነበር። ሕፃናት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። በ1893 ናታን በከተማዋ ወደብ የወተት ማደያ ከፈቱ። ወተቱ ሞቆ ተዋሲያኑ ከሞቱ በኋላ፣ ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው እየተለካ በጠርሙስ ይሞላል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ለሌለው ደግሞ በነፃ። ወተት ከሞቀ ኃይሉ ይጠፋል ብለው የተቃወሟቸው ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሐኪሞችም ነበሩበት። እርሳቸው ግን ማደያውን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ያበዙት ነበር፤ ኋላ የማሞቁን ነገር ኒው ዮርክ ራሷ ግዴታ አደረገችው።

በ1912 በኢየሩሳሌም ለድሆች ምግብ ቤት ከፈቱ። በስማቸውና በባለቤታቸው በሊና ስም የተሠራው የጤና ማዕከልም አይሁድ፣ ክርስቲያን፣ ሙስሊም ሳይል ሁሉንም እንዲያክም ታስቦ የቆመ ነው። በ1931 ሲያርፉ አብዛኛውን ሀብታቸውን ሰጥተው ጨርሰው ነበር።

በሚመጣው ሚያዝያ፣ መርከቡ በሰጠመበት ወር፣ ስለ መርከቡ መጻፋችሁ አይቀርም። ያኔ ለወተቱም አንድ ዓምድ ብትለቁለት ምን ይመስላችኋል?

አክባሪያችሁ፣
ከናታንያ