መቅዲዬ፣ የፍየሎቹን ነገር ተሳስቼ ነበር

መቅዲዬ እንዴት ነሽልኝ፣ እማማስ ደህና ናቸው? ሁለት አመት ሙሉ ጠፍቼብሽ አሁን በምን አፌ እንደምጽፍልሽ እንጃ፣ ግን ባለፈው ጥቅምት አንድ ቦታ ሄጄ ከዛ ወዲህ ከሀሳቤ አልወጣ አልሽኝ።

አጊቱ ጉደታ ትዝ ትልሻለች? ያቺ ጣልያን ፍየል ታረባ የነበረችው የአዲስ አበባ ልጅ። የኖረችበትን አየሁት። ከትሬንቶ በባቡር ፔርጂኔ ወርጄ ከዛ በአውቶብስ ተራራውን እየዞርን እየዞርን ወጣን፣ ፍራሲሎንጎ ይባላል፣ ሸለቆው ደግሞ ቫሌ ዴይ ሞኬኒ። ራሱን የቻለ ኮሙኔ ነው ከንቲባ ምናምን ያለው፣ ነዋሪው ግን 300 ምናምን ሰው ነው፣ የኛ ሰፈር እድር ይበልጠዋል። ጣልያን ውስጥ ሆነው የራሳቸው የጀርመን ዘዬ አላቸው፣ በድሮ ዘመን ከሰሜን የመጡ ገበሬዎችና ማዕድን ቆፋሪዎች ዘር ናቸው። አውቶብሱ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ሲያወሩ ጆሮዬን ጥዬ አንድ ቃል አልያዝኩም፣ ደስ ግን አለኝ፣ እንደዛ ጥቂት ሆነው ቋንቋቸውን አለመጣላቸው።

አጊቱ እኮ ትሬንቶ ሶሲዮሎጂ ተምራ አገሯ ተመልሳ ነበር፣ ገበሬው ከመሬቱ ሲነሳ ዝም አልልም ብላ በፈረንጅ 2010 ሸሽታ መጣች። ከዛ ድብ በሚዞርበት ተራራ፣ ሰው ጥሎት ጫካ የዋጠው መሬት ላይ፣ በ15 ፍየል ጀመረች፣ ያውም ሊጠፋ የደረሰውን የሸለቆውን የራሱን ዘር ፔዛታ ሞኬናን ይዛ። 180 አድርሳቸው ነበር፣ አይቧን ትሬንቶ ድረስ ወስዳ ትሸጥ ነበር። ዲሴምበር 29፣ 2020 እዛው ቤቷ ውስጥ ተገደለች፣ 43 ሊሞላት ሶስት ቀን ሲቀራት። ዳገቱ ላይ ቆሜ ሳስበው አለቀስኩ መቅዲ።

እና አንቺ ሸዋ ሮቢት የአያቴ መሬት ላይ ፍየል ላርባ ስትዪኝ "ዲግሪሽን ይዘሽ ፍየል ጥበቃ?" ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ከዛ በኋላ ነው ደውለሽልኝ የማታውቂው። ይቅር በዪኝ። ከልቤ ነው።

ጀመርሽው ወይስ ተውሽው? ካልጀመርሽ 15 ፍየል አሁን ስንት ብር እንደሚፈጅ ጠይቂና ንገሪኝ፣ ትንሽ ያጠራቀምኩት አለ። እሁድ ስራ የለኝም፣ ቀኑን ሙሉ ስልኬ አጠገብ ነኝ።

ያንቺው ሰናይት

(እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ)