ነገ ቴአትራችን ይመረቃል

ልጄ፣

ትናንት ደውለሽ «ፈተና ስላለብኝ ለምርቃቱ አልደርስም» ስትይኝ ድምፅሽ ከፍቶት ነበር። ፈጽሞ እንዳታዝኚ። እንዲያውም ነገ ባትመጪ ደስ ይለኛል።

የምርቃት ቀን የእንግዳ ቀን ነው። ንግግር አለ፣ አበባ አለ፣ ካሜራ አለ። አዳራሹን የሚሞላው በአብዛኛው ተጋብዞ የመጣ ሰው ነው፤ እኛን ስለሚወደን ያጨበጭብልናል። ቴአትር የሚበስለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራት፣ ሲሳካለትም ዓመታት ይዘልቃል። ሰው ከኪሱ ከፍሎ ሲገባ የት እንደሚስቅ፣ የት እንደሚጨንቀው እየነገረን ይሄዳል። እኛም እሱን እየሰማን እንስተካከላለን።

የምጫወታት ሴት ፈታይ ናት። የልጇን መርዶ የምትሰማው እንዝርት እያሾረች ነው። አዘጋጁ መጀመሪያ «በእጅሽ ብቻ አስመስይው፣ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩት። ሰፈር ካሉ አንዲት እናት ዘንድ እየሄድኩ መፍተል ተማርኩ። ባዘቶውን በግራ እጅ ከፍ አድርጎ መያዝ፣ በቀኝ እንዝርቱን ማሾር፣ ክሩ እየቀጠነ ሲወርድ አለመቸኮል። ቃለ ተውኔቱን ያጠናሁት እየፈተልኩ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ መርዶው ሲነገር ክሩ በራሱ ጊዜ ተበጠሰ። ሁሉም ጸጥ አለ። አዘጋጁ «በቃ፣ ይሄ ይግባ» አለ። እኔ ግን ሆን ብዬ አልበጥሰውም። ነገ ከተበጠሰ ይበጠስ፤ ካልተበጠሰ ፈትዬ እቀጥላለሁ። እናት መርዶ ስለሰማች ብቻ እጇ ሥራ አያቆምም፤ አያትሽን አይተሻል።

ትፈሪያለሽ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ እፈራለሁ። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ስንቱ ትልቅ ሰው የቆመበት መድረክ ነው። ከዚያም በፊት፣ በሀገር ፍቅር ቴአትር የመጀመሪያ ዘመን፣ ወንዶች ሻሽ አስረው የሴት ገጸ ባሕሪ ይጫወቱ ነበር። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበራ። ስድቡን ችለው ቀድመው የወጡት እናቶች ናቸው እኔን እዚህ ያቆሙኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ስቆም ሁልጊዜ የማስበው እነሱን ነው። አጉል እጫወታለሁ ብዬ የምፈራውም ለእነሱ ስል ነው።

አንቺ ፈተናሽን በደንብ ሥሪ። እንቅልፍሽንም አትጪ። ስትጨርሺ በአዘቦቱ ቀን ነይ፣ ትኬትሽንም ተሰልፈሽ ቁረጪ። ፊት ወንበር ላይ አትቀመጪ፤ እዚያ ሆነሽ ፊቴን እንጂ እጄን አታዪም። ፎቅ ላይ ውጪ። ስንወጣ ማኪያቶ እየጠጣን፣ የቱ ጋ እንዳመንሽኝና የቱ ጋ እንዳላመንሽኝ ሳትደብቂ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ