ለእማዬ፦ ስለ ፕራጉ ጉዞ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ከመምህራኑ ጋር ፕራግ የምትሄጂበትን ፕሮግራም አየሁት። የአይሁድ ሰፈሩንና ናዚዎች አይሁዶችን አጉረውበት የነበረውን የቴሬዚን ከተማ በአንድ ቀን አጭቀውታል። ይህንን አስቀይሪ።

የአይሁድ ሙዚየሙ ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ዝግ ነው። በሥራ ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት (በአገሩ 9) ሲከፈት ግቡና ከፒንካስ ምኩራብ ጀምሩ። ግድግዳው ላይ ናዚዎች የገደሏቸው 78,000 ገደማ የቦሄሚያና የሞራቪያ (የዛሬዋ ቼክ ግዛቶች) አይሁዶች ስም በእጅ ተጽፏል። መጀመሪያ የተጻፈው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ በ1968 ግን የከርሰ ምድር ውሃ ግድግዳውን ስላበላሸው ተዘጋ፤ ስሞቹም በ1990ዎቹ እንደገና ተጻፉ።

ብዙ ቡድን ታች ስም ሲያነብ ይደክምና ፎቁን ሳያይ ይወጣል። ትኬቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቦታ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ለስዕል መምህር ግን ዋናው ነገር ፎቅ ላይ ነው፤ በቴሬዚን ጌቶ (አይሁዶች ተገደው በተከለሉበት ሰፈር) ታግተው የነበሩ ልጆች ስዕሎች እዚያ አሉ። ያስተማረቻቸው ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች ሰዓሊ ናት። ወረቀት ሲጠፋ ልጆቹ የተጣለ የቢሮ ቅጽ እየቀደዱ በመለጠፍ ይሠሩ ነበር። ስዕሎቹን ስትመለከቺ ከ"ምን ሣለ?" በፊት "ምን ልምምድ ተሰጥቶት ነው?" ብለሽ ጠይቂ፤ የእጅ ማፍታቻ መስመር ነው፣ ከወረቀት ቁርጥራጭ የተለጠፈ ነው ወይስ ከትዝታ የተሣለ ቤት? ፍሪድል በጥቅምት 1944 ወደ አውሽዊትዝ ተወስዳ ተገደለች። 4,500 ያህል ስዕሎች ግን በሁለት ሻንጣ ተቀምጠው ተረፉ።

ልጆቹ ሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። ይህ ለቡድናችሁ ጥሩ ሥራ ይወጣዋል፦ ከአንድ ስዕል ላይ ስም ወስዶ ታች ግድግዳው ላይ መፈለግ። ስሞቹ የተደረደሩት በመጨረሻ በኖሩበት ከተማ፣ ከዚያም በቤተሰብ ስም ነው። ከተማውን ካላወቃችሁ አታገኙትም፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በቼክ የሆሎኮስት ሰለባዎች የኢንተርኔት መዝገብ አጣሩ። ስሙ ከታጣ ስህተት ነው አትበሉ። በሕይወት የተረፈ ልጅ ግድግዳው ላይ የለም።

አጠገቡ ያለው መቃብር መንገዱ ወጣ ገባ ነው፣ ምርኩዝሽን ያዢ። ከሚታወቁት ድንጋዮች ጥንታዊው የ1439 ሲሆን፣ ቀብር የቆመው በ1787 ነው። ቦታ ሲጠብ በአሮጌው መቃብር ላይ አፈር እየደለደሉ ደርበው ስለቀበሩ፣ የላይኞቹና የታችኞቹ ድንጋዮች ተጨናንቀው ቆመዋል። ሁለት እጅ የተቀረጸበት የካህናት ዘር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ያለበት ሌዋዊ። ከሸክላ ተሠርቶ ነፍስ ዘራ ስለሚባለው ስለ ጎሌም አፈ ታሪክ ብዙ ይወራል፤ እኔ ብሆን ያንን ጊዜ ለድንጋዩ ቅርጽ አውለው ነበር።

አሮጌ-አዲስ ምኩራብ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለሰንበት ሲሉ ዓርብ ቀደም ብለው ይዘጉታል። ወንዶቹ ባርኔጣ ይያዙ።

ቴሬዚን ከፕራግ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሙሉ ቀን ይሰጠው። ትንሹ ምሽግ (የናዚ እስር ቤት የነበረው) እና ከተማው ተለያይተው ነው ያሉት፤ በእግር መመላለሱ ለአንቺ ይከብዳል፣ አውቶቡሱ ይጠብቃችሁ። ሰንበት የሚጠብቅ ከሌለ ቅዳሜም ይቻላል፤ በዚያ ቀን አስከሬን ማቃጠያው ብቻ ዝግ ነው።

መሪያችሁ ካንገራገረ ይህን ደብዳቤ አሳዪው።

ልጅሽ